ያረጀች ፒካፕ ወንበር ሲቀየር፦ ከልብሱ በፊት ወለሉን

ወንበሩ እንዳለቀለት የነገረኝ ሱሪዬ ነው። ከሱሉልታ መርካቶ ድረስ ነድቼ ስወርድ ከኋላ ኪሴ በታች ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አየሁ። ወንበሩን ስዳብሰው የሞላው ጫፍ ስፖንጁን በስቶ፣ ልብሱን ቀዶ ብቅ ብሏል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሣር ትጭናለች፣ ፉርሽኮ ትጭናለች፣ በበዓል ሰሞን በግ ትጭናለች። ሞተሯ አይታማም። ወንበሩ ግን የሠላሳ ዓመት ሹፌር ሁሉ ተፈራርቆበት ወገቡ ጎብጧል።

እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን ብትሄዱ ማለዳ ዕቃ ጭነው የምታገኟቸው እነዚሁ አሮጌ ፒካፖች ናቸው። እኔ በግቢዬ ውስጥ እንዴት እንደቀየርኩት ልንገራችሁ።

ሥራው የሁለት ቀን ነው። ወለሉ ከበሰበሰ ሦስት አራት ቀን ያዙለት። ሣር በሚታጨድበት በጥቅምትና በኅዳር አትጀምሩት፤ መኪናዋ እንጀራዋን የምታወጣው ያኔ ነው። ክረምት ላይም አይሆንም፤ ቀለም አይደርቅም። የኔዋ የተፈታችው በታኅሣሥ ነው። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ፀሐዩ ወለሉን ቅልብጭ አድርጎ ያደርቀዋል።

መቀየር ወይስ ማሰፋት?

ወንበር ሦስት ነገር ነው፤ ብረቱ፣ ሞላና ስፖንጁ፣ ልብሱ። የተቀደደው ልብሱ ብቻ ከሆነ ወንበር ሰፊ ጋ ውሰዱት፣ ይበቃል። ስፖንጁ ከሟሸሸም ይታደሳል። ብረቱ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ወንበር ፈልጉ።

መለየቱ ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ የመደገፊያውን አናት ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁት። ከታች "ቋ" ካለ ወይ ቡሎኑ ላልቷል፣ ወይ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ተበልቷል፣ ወይ የመደገፊያው ማጠፊያ ተሰንጥቋል። አሁን ሌላ ሰው ይነቅንቅ፣ እናንተ እጃችሁን ከሥር ሰድዳችሁ ዳብሱ። የላላው ቦታ ጣታችሁ ላይ ይታወቃል። ከዚያ ማንሸራተቻውን ሞክሩ። በብዙ ወንበር ላይ ሁለቱም ሀዲድ መቆለፊያ አለው። አንዱ ብቻ ከያዘ ወንበሩ በሰያፍ ይሄዳል።

የኔ ማጠፊያው ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው። የሰፈራችን በያጅ አይቶት "በዚህች ደግሞ ወንበር ይገዛል? አምጣው፣ ልበይድልህ" አለኝ። እምቢ አልኩት። የወንበር ብረት ስስ ነው። ስንጥቁ ቢደፈንም ከብየዳው ጎን ያለው እሳት የነካው ጠርዝ ደካማ ሆኖ ይቀራል፣ ውሎ አድሮ እዚያው ጋ ይከፈታል። ከኋላ የሚገጫችሁ ሰው ቢመጣ ጀርባችሁን የሚይዘው ያ ማጠፊያ ብቻ ነው።

አልፈታም ያለ ቡሎን

መሣሪያው ብዙ አይደለም። የ12፣ የ14 እና የ17 ቡሶላ ከነእጀታው፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ ለእጀታው ማስረዘሚያ የሚሆን የብረት ቱቦ። ቶዮታ ላይ የወንበሩ ቡሎን ብዙ ጊዜ በ14 ይፈታል፣ የቀበቶው በ17። ሲንግል ጋቢና ከሆነ ከመደገፊያው ጀርባ ያለውን ክሪክና ኮተት ቀድማችሁ አውጡ።

ቡሎኖቹን ከዋዜማው ማታ አርሱ። ዝገት የሚያላቅቅ የሚረጭ ዘይት ካላችሁ በሱ። ከሌለ ናፍታ ላይ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ እሱም ይሠራል፣ የሚፈልገው ጊዜ ነው። ከላይ ብቻ ግን አይደለም። የቡሎኑ ጫፍ ከወለሉ በታች ወጥቶ የሱሉልታን ጭቃ ሲጠጣ ኖሯል። ያ ጭቃና ዝገት ቡሎኑን ከሥር በያዘው ዳዶ ጥርስ ውስጥ አልፎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መኪናው ሥር ግቡና ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። ይህን ለዘለለ ሰው ቡሎኑ እጁ ላይ ይሰበራል።

ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደኋላ ግፉት፤ የፊቶቹ ሁለት ቡሎኖች ይገለጣሉ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደፊት፤ የኋላዎቹ ሁለት። ቀድማችሁ ወደ ማጥበቂያው በኩል ነካ አድርጉት፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው። "ቀጭ" ሲል ዝገቱ ለቋል ማለት ነው። እየከበደ ከመጣ በጉልበት አትሂዱበት። መልሱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ እንደገና ፍቱት።

የኔ ሦስቱ ወጡ። አራተኛው፣ የኋላ ግራው፣ ዞረ ዞረ፣ አልወጣም። መኪናው ሥር የተኛው የጎረቤቴ ልጅ "ጋሼ! ዳዶውም አብሮ እየዞረ ነው!" ብሎ ጮኸ። ይህ መጥፎ ዜና ነው። ዳዶው ከወለሉ ላሜራ ጋር የተበየደ ነው። እሱ ዞረ ማለት የያዘው ላሜራ በስብሷል ማለት ነው። ከሥር በመፍቻ የሚያዝ ከሆነ አንድ ሰው ይያዝ፣ አንዱ ይፍታ። የማይደረስበት ከሆነ የቡሎኑን አናት በግራይንደር ቆርጣችሁ ወንበሩን አውጡ።

ወንበሩ ሲነሳ ከሥሩ ምን እንደሚገኝ መገመት ያቅታል። እኔ ሁለት ዐሥር ሳንቲም፣ የበግ ገመድና የማላውቀው ዓመት ቦሎ አግኝቻለሁ።

የፓስታ ካርቶን

አሁን ወንበር ልትገዙ ነው። ሜትር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አንድ የፓስታ ካርቶን ዘርግታችሁ ወለሉ ላይ፣ ወንበሩ በነበረበት ቦታ አንጥፉት። አውራ ጣታችሁን ግራሶ ንኩና አራቱን ቀዳዳ ከላይ ተጫኗቸው። ካርቶኑ ይረግባል፣ ግራሶው ክብ ቀለበት ይተዋል። እሱን በስታችሁ ክፈቱት። ከዚያ በትልቁ "ፊት" ብላችሁ ቀስት ሳሉ፤ በአንዱ ጎን ደግሞ "በር" ብላችሁ ጻፉ። አትሳቁ። ገበያ ውስጥ ቆማችሁ ደላላው ከግራ፣ ሻጩ ከቀኝ ሲያዋክቧችሁ የቱ ፊት እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ካርቶኑ ላይ ቁመትም ጻፉ። የወንበር እግሮች እኩል አይደሉም። የፊተኛውና የኋለኛው ይለያያሉ፤ በበሩ በኩል ያለውና ማርሹ ጋ ወለሉ ከፍ በሚልበት በኩል ያለውም ይለያያሉ። አራቱንም ለኩ። አራቱ ቀዳዳ ገጥሞ ቁመቱ ያልገጠመ ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላችሁ ትነዳላችሁ። ወገብ የሚጨርሰው እንዲህ ያለው ነው።

ሶማሌ ተራ

መኪናዋ ወንበር የላትም፣ ስለዚህ በሚኒባስ ወረድኩ። ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከተባለ ሶማሌ ተራ ነው። ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ እስክታነቡት ይቀየራል፣ ሻጩም የሚጠራው ፊታችሁን አይቶ ነው።

ልጠቁማችሁ የምፈልገው የመሪ ጉዳይ ነው። እኛ መሪያችን በግራ ነው። የጃፓን አገር ውስጥ መኪና ግን መሪው በቀኝ ነው። ከእንዲህ ያለ መኪና የተነቀለ "የሹፌር ወንበር" እኛ ጋ ሲመጣ የተሳፋሪ ጎን ነው። መደገፊያውን የምታስተኙበት እጀታ በበሩ በኩል መሆን ሲገባው መሐል ላይ ይወድቃል፣ እግሮቹም ወለሉ ላይ ይንጋደዳሉ። ሻጩ "ያው ነው፣ ይገለበጣል" ቢላችሁ አትስሙት። ከዚያ መኪና ለእኛ ሹፌር የሚቀርበው በግራ የነበረው የተሳፋሪው ወንበር ነው። እሱም ቢሆን ካርቶኑን ከሥሩ ጥላችሁ አራቱን ቀዳዳ አስተያዩ።

ከአዲስ መኪና የወጣ ወንበር ቆንጆ ነው፣ ያጓጓል። ጎኑ ላይ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ካለበት፣ ከሥሩም ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ ከተንጠለጠለ ተዉት። ውስጡ የሚፈነዳ ነገር አለ። ለእናንተ ፒካፕ አይሠራም፣ ለወንበር ሰፊው መርፌና መቀስ ደግሞ አደጋ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ወንበሩን ገልብጡት። ሀዲዱን ሙሉ በሙሉ ወደፊትና ወደኋላ አስኬዱ፣ በየማቆሚያው "ቀጭ" ብሎ መያዙን ስሙ። ሞላዎቹን ቁጠሩ፤ አንዱ ከመንጠልጠያው ከወጣ ይጠገናል፣ ከተሰበረ ዋጋ ማስቀነሻ ይሁናችሁ። ብረቱ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥሩ። ያገለገለ ወንበር ሥሩ የሚቀባው አንድ ነገር ሊሸፈን ነው።

በመመለሻዬ የሚኒባሱ ረዳት የወንበሩንም ሒሳብ ተቀበለኝ። "ወንበር ላይ ወንበር አስቀምጠሃል እኮ፣ ፋዘር" አለኝ። ምን ይባላል?

ወለሉ

አብዛኛው ሰው ይህን ክፍል ይዘለዋል። እኔም አንድ ጊዜ ዘልዬው ነበር።

ከዓመታት በፊት፣ ሌላ መኪና ላይ፣ ወንበር ያስገጠምኩት አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ከቤት መኪና የወጣ ወንበር ነው። ቀዳዳው አልገጥም ሲል በአንግል ብረት እግር ሠሩለት፣ እግሩን ከወለሉ ጋር በየዱት። ከላይ ምንጣፍ አለበሱት። አማረ። በሁለተኛው ወር ከእንጦጦ ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ አንዲት አህያ ገባችብኝ። ፍሬን ረገጥኩ። መኪናው ቆመ፣ ወንበሩ ግን እኔን ይዞ ወደ መሪው መጣ። ደረቴ መሪውን ሲነካ ይሰማኛል። ቤት ገብቼ ምንጣፉን ሳነሳ ብየዳው አንድም ቦታ አልተሰበረም። የተቀደደው ብየዳው የተጣበቀበት የበሰበሰ ላሜራ ነው፤ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈርፍሯል።

ስለዚህ ምንጣፉን አንሱ። ከሥሩ ያለውን ጥቁር ሬንጅ መሰል ንጣፍም በካቻቢቴ እየፈለቀቃችሁ አንሱ። በተለይ በቀዳዳዎቹ ዙሪያና የሹፌሩ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ። በመዶሻው እጀታ እየነካካችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት። ካለፈ፣ አለፈ።

ከመጠገናችሁ በፊት ውሃው በየት እንደገባ እወቁ፣ አለዚያ ለሚቀጥለው ክረምት ነው የምትሠሩት። አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ መብራት ያይ፣ አንዱ ከውጭ በጎማ ውሃ ያፍስስ። መጀመሪያ የፊት መስታወቱን ጎሚኒ፣ ከዚያ በሮቹን። የኔ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ውሃው የገባው ከመስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው ካለበት ወንፊት ነው። ከሱ ሥር ውሃ የሚወርድበት ቦይ አለ። ቦዩ በባሕር ዛፍ ቅጠል ጢም ብሏል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው ወደ ጋቢና ይወርዳል፣ ምንጣፉ ሥር ይተኛል፣ እዚያ ሆኖ ላሜራውን ይበላል። እኛ ሰፈር መኪና የሚቆመው ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ስለዚህ ይህን ቦይ ከሰኔ በፊት በየዓመቱ ጥረጉት። የደቀቀ ቅጠል አወጣሁበት፣ ጋቢናውም ለሁለት ቀን ጉንፋን እንደታጠነበት ቤት ሸተተ።

ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ፈግፉት። ዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ አንደኛው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትድገሙ። ከደረቀ በኋላ ከላይ ተራ የብረት ቀለም ይበቃል።

ከበሳ ግን መቆረጥ አለበት። የበሰበሰው ላይ ላሜራ መደረብ ራስን መሸንገል ነው። ጤነኛ ብረት እስክታገኙ ቁረጡ፣ በልኩ አዲስ ላሜራ አስገቡ፣ ዙሪያውን ይበየድ። ቡሎኑ የሚይዝበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሥር ወፈር ያለ፣ ከ3 ሚሊሜትር የማያንስ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ብረት ይደረግ። አዲሱ ዳዶ እሱ ላይ ይበየድ። ጉልበቱ በትንሽ ክብ ላይ ከሚያርፍ በመዳፍ ሙሉ ላይ ይበተናል። የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ አለኝ የሚል ጎረቤት አይጠፋም። አመስግናችሁ ተዉት። ስስ ነው፣ ሲበየድም ከላዩ ያለው ዚንክ የሚያሳምም ጭስ ያወጣል።

ከመበየዱ በፊት የባትሪውን ሁለቱን ገመድ ፍቱ። በያጁን ከወለሉ ሥር አስገብታችሁ የፍሬኑን ቱቦ፣ የነዳጁን ቱቦና የሽቦውን እስር አሳዩት፤ ብየዳው የሚያርፍበት ቦታ ካለፉ ይነሱ ወይ ይከለሉ። ካሶኒው ላይ አንድ ጭራሮ ሣር እንዳይቀር ጥረጉ። ሁለት ባልዲ ውሃና እርጥብ ጆንያ አጠገባችሁ ይሁን። ሣር በተከመረበት ግቢ ውስጥ አትበይዱ፤ መኪናውን ገፍታችሁ ወደ መንገድ አውጡት።

ጆንያና ስፖንጅ

ቀለሙ እስኪደርቅ ወንበሩን አዘጋጁ። ያገለገለ ወንበር ስፖንጁም አብሮ አገልግሏል። ልብሱን ከሥር የያዙትን ቀለበት ሽቦዎች በፒንሳ ከፍታችሁ ግለጡት። ስፖንጁን በጡጫ ተጫኑት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ይቀየር።

የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣችሁ እንዳታስገቡ። የመጀመሪያው ሳምንት ደመና ነው፣ በሁለተኛው ወር ብረቱ ላይ ትቀመጣላችሁ። ጠጠር ያለውን፣ ከተፈጨ ስፖንጅ ተጨምቆ የተሠራውን ከታች፣ ለስለስ ያለውን ስስ አድርጋችሁ ከላይ፣ በማስቲሽ አጣብቋቸው።

በሞላውና በስፖንጁ መሐል ደግሞ ጆንያ ዘርጉ፤ የላስቲኩን ማዳበሪያ ከረጢት ሳይሆን የቃጫውን የቡና ጆንያ፣ ሁለት እጥፍ። ሞላ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ስፖንጁን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ጆንያው ያን ፍትጊያ ይቀበላል። ሱሪዬን የቀደደው ሞላ ይህ ጆንያ ተበጣጥሶ ያለቀበት ነው። ልብሱን ስትመልሱ ቀለበት ሽቦው ከጠፋ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሠራል።

መግጠም

አሮጌውን ቡሎን መልሳችሁ አትጠቀሙ፣ በተለይ ከታገላችሁበት። አዲስ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን ጥርሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ሱቅ የሚበዛው የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊሜትር የሆነው ነው። የጃፓን መኪና ላይ የሚበዛው 1.25 ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ በእጅ ሁለት ሦስት ዙርም ይገባሉ። ከዚያ ይከብዳል፣ ሰውየው ቱቦ ይጨምርበታል፣ የዳዶው ጥርስ አለቀ።

አሮጌውን ቡሎን ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱን ከጎኑ አድርጋችሁ ጥርስ በጥርስ አጋጥሟቸውና ወደ ፀሐይ አንሱ። በመሐላቸው ብርሃን ካላለፈ አንድ ናቸው። አናቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ይኑረው። ምንም ያልተጻፈበት ለበር ይሁን እንጂ ለወንበር አይሆንም።

ወንበሩን ለሁለት አስገቡት፤ ብቻችሁን ብትሞክሩ ሀዲዱ የበሩን ቀለም ይፍቀዋል። አራቱንም ቡሎን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስጀምሩ። በእጅ ያልጀመረ ቡሎን በቁልፍ አይጀመርም። አራቱም ከገቡ በኋላ በሰያፍ አጥብቁ፤ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራ። ከዚያ ወንበሩን አንሸራቱት። ከከበደ ሀዲዶቹ ትይዩ አይደሉም፤ አላሉ፣ አስተካክሉ፣ እንደገና። የመጨረሻውን ማጥበቅ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ከሆነ እንዲህ ላለው የቶዮታ ቡሎን ወደ 37 ኒውተን ሜትር ነው። ከሌላችሁ ያለ ቱቦ፣ በአንድ እጅ፣ ጠበቅ። ከወለሉ በታች የወጣውን ጫፍ ግራሶ ቀቡት፤ የሚቀጥለው ፈቺ ይመርቃችኋል።

የቀበቶውን መቆለፊያ ወደ ቦታው መልሱ። ቡሎኑን ከወንበሩ ቡሎን ጋር እንዳትቀላቅሉት። በብዙ የጃፓን መኪና ላይ እንኳ የቀበቶ ቡሎን በኢንች የተለካ ነው፣ 7/16። ስለሚቀራረቡ ይሳሳቱበታል። ቀበቶውን ሙሉ ስባችሁ አውጡት፤ ጠርዙ ከተበላ ወንበሩን አድሳችሁ እሱን መተው ቂልነት ነው።

መሞከር

ተቀመጡ፣ ቀበቶ እሰሩ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ርገጡ። ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ከቀረ ልኩ ነው። ወንበሩን ቆልፋችሁ በሁለት እግር ወለሉን ገፍታችሁ በጀርባችሁ ግፉት። ከዚያ ሰው በሌለበት ኮረኮንች ላይ በዝግታ ውጡ፣ በ20 ፍጥነት ላይ ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። በ30 ድገሙት። ወንበሩ ትንፍሽ ማለት የለበትም።

ከሳምንት በኋላ አራቱንም ቡሎን እንደገና በቁልፍ ነካ ነካ አድርጓቸው። አዲስ ቀለም ከሥራቸው ስለሚሟሽሽ ትንሽ ይላላሉ። የኔ ሦስቱ እንዳሉ ነበሩ። አንዱ ብቻ ሩብ ዙር ያህል ተቀበለ፤ ያው የኋላ ግራው።